«ለጨጓራ የሚሆን የቻይና መድኃኒት ላክልኝ» ለምትሉኝ

ቻይና ጓንዡ ከተማ እንደምኖር ያወቀ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ቴሌግራም ላይ ብቅ ይልና «እባክህ ለጨጓራ የሚሆን የቻይና ቅጠል ላክልኝ፣ እዚያ ሞልቷል አሉ» ይለኛል። ሞልቷል፣ እውነት ነው። ግን እኔ ጥያቄ ስለማበዛ ብዙ ሰው ይናደድብኛል። ቃር ነው ወይስ መነፋት? ሲርብህ ይብስሃል ወይስ ስትበላ? ሆድህን ስትጫነው ይሻልሃል ወይስ ያምሃል? ሰገራህስ? «አንተ ደግሞ መቼ ዶክተር ሆንክ?» ይሉኛል። አልሆንኩም። የካርጎ ሠራተኛ ነኝ። ግን እነዚህን ሳይጠይቅ ቅጠል የሚያዝ የቻይና ባህላዊ ሐኪም እዚህ አላጋጠመኝም።

እኛ ጋ «ጨጓራ አለብኝ» ማለት ለሁሉም ያገለግላል። ቃሩም፣ ግሳቱም፣ መነፋቱም፣ ከሽሮ በኋላ የሚመጣው ማቃጠልም ጨጓራ ነው። ቻይናዎች ግን «የጨጓራ መድኃኒት» ብለው ለሁሉም የሚሰጡት አንድ ነገር የላቸውም። ለቀዘቀዘው ሌላ፣ ለጋለው ሌላ፣ ለደከመው ሌላ፣ ከልክ በላይ ለጠገበው ደግሞ ሌላ ነው። ጓደኛህን ያዳነው አንተን ሊያባብስህ ይችላል ብለው ነው የሚያስቡት። እኔ ከዚህ ሕክምና ትልቁን ቁም ነገር ያገኘሁት እዚሁ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

ምርመራው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። እራት ከበላሁ በኋላ ሆዴ እየተነፋ እንቅልፍ ሲነሳኝ ነው የሄድኩት። ሐኪሟ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ገና ከመቀመጤ ምላስህን አውጣ አሉኝ። ጠርዙ ላይ የጥርሴ ምልክት ታትሟል፣ ላዩ ደግሞ ወፍራም ነጭ ሽፋን ይዟል። ይህ በእነሱ ቋንቋ «ጣፊያው ደክሟል፣ እርጥበት ገብቷል» ማለት ነው። ከዚያ የእጄ አንጓ ላይ ሦስት ጣታቸውን አሳርፈው ትርታዬን አዳመጡ፣ ግራውን ከዚያ ቀኙን፣ ያለ ምንም ወሬ። ቀጥሎ ጥያቄ። ከፍሪጅ የወጣ ውኃ ትጠጣለህ? አዎ። ፊታቸው ተጨማደደ። ጥሬ ሰላጣ ማታ ትበላለህ? አዎ። አሁንስ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሆዴን ጫን አድርገው «ይሻልሃል ወይስ ያምሃል?» አሉ። ሲጫኑት ደስ የሚለው ሆድ ደካማ ነው፣ አትንኩኝ የሚለው ደግሞ የሞላና የታፈነ ነው ይላሉ። መድኃኒቱ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱን ማጠንከር ነው፣ ሌላውን ማስወጣት።

ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ሲቆጡኝ ግን አልገረመኝም። «ሆድህን ብርድ እንዳይመታህ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እዚህ ደግሞ ምግብ ቤት ገብተህ ሳትጠይቅ ትኩስ ውኃ ይቀዱልሃል፣ በሐምሌ ሙቀትም ቢሆን።

ከዚያ መድኃኒት ቤቱ ነው። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሸፈነ የእንጨት ቁም ሣጥን አለ፣ ሁሉ ነገሩ ትናንሽ መሳቢያ ነው፣ በየመሳቢያው ላይ የቅጠሉና የሥሩ ስም ተጽፏል። ልጅቷ የሐኪሟን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ በእጅ ሚዛን እየመዘነች፣ የእያንዳንዱን ቀን ድርሻ በተዘረጋ ወረቀት ላይ ትደለድላለች። ቁርጥራጭ ሥር፣ ልጣጭ፣ ነጭ ነጭ ጠፍጣፋ ነገር፣ የደረቀ ፍሬ። ቤት ወስደህ በሸክላ ድስት ግማሽ ሰዓት ያህል ትዘፈዝፈዋለህ። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰህ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ትተወዋለህ። አጥልለህ እንደገና ታፈላዋለህ፣ ሁለቱን ውኃ ትቀላቅልና ለብ እንዳለ ጠዋትና ማታ ትጠጣለህ። በብረት ድስት አይፈላም። ሽታው መጋረጃ ላይ ይቀራል፣ ጎረቤት ሁሉ መታመምህን ያውቃል። እንደኔ ሰነፍ ለሆነ ደግሞ እዚያው አፍልተው በትንንሽ ከረጢት አሽገው ይሰጣሉ።

አሁን ወደ ሐሳቡ። በእነሱ ትምህርት ጨጓራ ሥራው ወደ ታች ማውረድ ነው። ጣፊያ ደግሞ ከምግቡ ጥሩውን አጣርቶ ወደ ላይ ይልካል። የሚንቀሳቀሰው ኃይል «ቺ» ይባላል። የጨጓራው ቺ መውረድ ሲገባው ወደ ላይ ከወጣ ቃር፣ ግሳት፣ ስቅታ፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል። የጣፊያው ቺ መውጣት ሲገባው ከወረደ ተቅማጥና ድካም ይመጣል። ሁለቱም መሀል ላይ ከቆሙ መነፋት ነው። በቃ። እንግዲህ ዘመናዊ ሐኪም ይህን ቢሰማ ይስቃል፣ ምክንያቱም ጣፊያ ከምግብ መፈጨት ጋር ምንም ሥራ የለውም፣ በአደጋ ምክንያት ጣፊያቸው የወጣላቸው ሰዎችም እንጀራቸውን በልተው ይኖራሉ። እኔም የአካል ትምህርት አድርጌ አልወስደውም። ምልክቶችን የመመደቢያ ዘዴ አድርጌ ካየሁት ግን ይገባኛል። ወደ ላይ የሚሄድ፣ ወደ ታች የሚሄድ፣ የቆመ። ለማንም ግልጽ ነው።

ይህ የጣፊያና የጨጓራ ነገር እንዲህ የገነነው በአንድ ሰው ምክንያት ነው፣ ሊ ዶንግዩዋን ይባላል፣ ከ1180 እስከ 1251 የኖረ ሐኪም ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1232 ሞንጎሎች ካይፈንግ ከተማን ከበው ነበር። ከበባው ሲላላ ሕዝቡ እንደ ቅጠል ረገፈ። ሌሎቹ ሐኪሞች ከውጭ የገባ በሽታ ነው ብለው ላብ የሚያወጣና ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሰጡ፣ ሰዉ ባሰበት። እሱ ግን እነዚህ ሰዎች የተራቡ፣ የደከሙ፣ የፈሩ ናቸው፣ የተጎዳው የምግብ መፍጫቸው ነው አለ። በ1249 ስለ ጣፊያና ጨጓራ መጽሐፍ ጻፈ፣ ሐሳቡም ጠቅለል ሲል የብዙ በሽታ ምንጭ የደከመ ሆድ ነው የሚል ነው። ለተራበና ለደከመ ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጥ ማለቱ ግን የጣፊያ ትምህርት ባይኖርም ልክ ነው።

ወደ ቅመማዎቹ ልግባ፣ በጣም ከሚገባን ልጀምር። ፋሲካ ነው እንበል። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ዶሮው፣ ክትፎው፣ ቅቤው በአንድ ቀን ይወርዳል። ማታ ላይ ግሳቱ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ሆድ ድንጋይ ይሆናል። ቻይናዎች ይህን «የተከማቸ ምግብ» ይሉታል፣ በራሳቸው አዲስ ዓመት ሰሞን መድኃኒት ቤቶቹ የሚቸበችቡት ለዚሁ ነው። የታወቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፣ ሦስቱም እስኪያሩ ይቆላሉ። አንዱ ሻንጃ ነው፣ ቀይ ኮምጣጣ ትንሽ ፍሬ፣ ለሥጋና ለስብ ነው ይባላል። ሁለተኛው ሸንቹ፣ ከስንዴ ዱቄትና ከቅጠላ ቅጠል ተቦክቶ የደረቀ ነገር ነው። ሦስተኛው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የገብስ ብቅል። የጠላችን ብቅል! መጀመሪያ መሳቢያው ሲከፈት አይቼ ዝም ብዬ ሳቅኩ። ለሩዝና ለዱቄት ምግብ ነው የሚሰጡት።

እዚህ ጋ ትንሽ ልከራከር። ኢንተርኔት ላይ «ብቅል ስታርች የሚፈጭ ኢንዛይም አለው፣ ስለዚህ ይሠራል» የሚል ማብራሪያ በብዛት ታያላችሁ። ብቅል ኢንዛይሙ አለው፣ ጠላም ቢራም የሚጠመቀው በሱ ነው። ግን እስኪያር ተቆልቶ ግማሽ ሰዓት የፈላ ብቅል ውስጥ ምን ኢንዛይም ይተርፋል? ሙቀት ይገድለዋል። ስለዚህ ከጠቀመ በሌላ መንገድ ነው የጠቀመው፣ ወይም ደግሞ ሆዱ በራሱ ጊዜ ነው የተሻለው። አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ያዙ፦ የተቆላ ብቅል በብዛት ሲሆን እዚህ የጡት ወተት ለማድረቅ ይታዘዛል፣ የአገሪቱ የመድኃኒት መዝገብም ለዚህ 60 ግራም ይላል። የምታጠባ እናት ለሆዴ ብላ እንዳትጠጣው።

ልጆች የሚያኝኩት እንክብልም አለ፣ ሻንጃውም ብቅሉም የመንደሪን ልጣጩም ያለበት። ጣፋጭ ኮምጣጣ ስለሆነ ከረሜላ ነው የሚመስላቸው። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው የጎረቤቴ ልጅ ሳትታመም ሁሉ ትለምናለች።

ለደከመ ሆድ ደግሞ ሌላ ነው። ትንሽ በልቶ የሚጠግብ፣ ከምግብ በኋላ የሚዝል፣ ሰገራው የሚቀጥን፣ ፊቱ የገረጣ ሰው። ለሱ «አራቱ ጨዋዎች» የሚባል ቅመማ አለ፣ አራቱም ለስላሳ ስለሆኑ ነው ጨዋ የተባሉት። ጂንሴንግ፣ ባይጁ የሚባል ሥር፣ ፉሊንግ (የጥድ ሥር ላይ የሚያድግ ፈንገስ ነው፣ ያ ነጭ ጠፍጣፋው)፣ እና ጋንጫኦ የሚባለው ጣፋጭ ሥር። በሶንግ ነገሥታት ዘመን የመንግሥት መድኃኒት ቤት መዝገብ ውስጥ የገባ ነው። በዚህ ላይ የመንደሪን ልጣጭና ባንሺያ የሚባል ሥር ሲጨመሩ ስድስቱ ጨዋዎች ይሆናል፣ ማቅለሽለሽና መነፋት ላለበት። እኔ የተሰጠኝ የዚህ ዘመድ ነበር፣ ሻረንም ታክሎበት። ሻረን እዚሁ ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ያንግቹን የሚባል ቦታ ስሙ የወጣለት ቅመም ነው። ሲሰበር የኮረሪማ ሽታ አለው፣ ቢሸትም አይገርምም፣ ሁለቱም የዝንጅብል ዘመድ ናቸው። ጃፓኖች ያንኑ የስድስቱን ቅመማ ዝንጅብልና የቻይና ተምር ጨምረው ሪኩንሺቶ ብለው በዱቄት ያመርቱታል። ሐኪሞቻቸው ያዝዙታል፣ የጤና መድኅናቸውም ይከፍልበታል። እነሱ ጋ የተደረጉ ጥናቶች ግሬሊን ከሚባለው ረሃብ ከሚቀሰቅሰው ሆርሞን ጋር አያይዘውታል።

ባንሺያ ያልኩት ሥር ግን ጥሬውን መርዝ ነው፣ ጉሮሮ ያሳብጣል። በዝንጅብልና በሌላም ነገር ታክሞ ነው መሳቢያ የሚገባው። ከገበያ ዝም ብሎ የሚገዛ ነገር አይደለም። ቺንግፒንግ የሚባለው የጓንዡ ትልቅ የቅጠላ ቅጠል ገበያ ለመዞር ደስ ይላል፣ ለመግዛት ግን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ በጣም የምወደው ግን የዣንግ ዦንግጂንግ ቅመማ ነው። ከ1800 ዓመት በፊት ገደማ የኖረ ሐኪም ነው። እምብርት በላይ ተወጥሮ፣ ሲነካ ሳያም፣ ማስመለስና የሆድ መንጫጫት ላለበት ሰው ሰባት ነገር ይቀላቅላል። አንዳንዱ መራራና ቀዝቃዛ ነው፣ አንዳንዱ የሚያቃጥልና ሞቃት፣ ሌላው ጣፋጭ። አንደኛው ኋንግሊየን ነው። መራራነቱ ተረት የወጣለት ነው፣ «ዲዳ ኋንግሊየን በላ» ይላሉ ችግሩን መናገር ላልቻለ ሰው። ከሱ ጋር ደረቅ ዝንጅብል፣ ከዚያ ደግሞ ጂንሴንግና ተምር። መራራው ያወርዳል፣ የሚያቃጥለው ይከፍታል፣ ጣፋጩ መሀሉን ይይዛል ነው ነገሩ። ከኋንግሊየን የሚገኘው ቤርቤሪን ዛሬ በትንንሽ ቢጫ እንክብል ለተቅማጥ በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጣል፣ እዚህ ጉዞ የሚወጣ ሰው ቦርሳ ውስጥ አይጠፋም።

ድርቀት ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከራል። ዳኋንግ የሚባል ሥር አለ፣ ሆድ ያስቀምጣል፣ አይምርም። የሚገርመው አፈላሉ ነው። እንዲያስቀምጥ ከተፈለገ መጨረሻ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚገባው። ብዙ ከፈላ የሚያስቀምጠው ነገር ይፈርስና የሚያደርቀው ይቀራል፣ ማለት አንዱ ሥር እንደ እሳቱ ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። ወረቀቱ ላይ «ኋላ ይግባ» ተብሎ የሚጻፈው ለጌጥ አይደለም።

አዲስ አበባ ቲክቶክ ላይ «የቻይና የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ» እየተባለ የሚሸጠውን ታውቁታላችሁ። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሻዮች ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው። አያቶቻችንም ያውቁታል፣ ቻይና ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ቦርጭ አያጠፋም፣ ሽንት ቤት ያመላልሳል እንጂ። ለወራት ከጠጣችሁት ሰውነታችሁ ፖታሲየም ያጣል፣ አንጀታችሁም ያለሱ አልሄድም ሊል ይችላል።

ለድርቀት ለስለስ ያለው ማዚረን የሚባል እንክብል ነው፣ ዳኋንግ ቢኖረውም ዋናው ቅባታም ዘር ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ በ2011 በወጣ ጥናት 120 ሰዎች ለ8 ሳምንት ግማሹ እሱን፣ ግማሹ አስመሳይ (መድኃኒት የሌለበት) እንክብል ወሰዱ። የተሻላቸው እሱን ከወሰዱት ከመቶ 43፣ አስመሳዩን ከወሰዱት ከመቶ 8 ነበሩ። ጥሩ ውጤት ነው። በካርጎ ላክልኝ ግን እንዳትሉኝ፣ ዘሩ የካናቢስ ዘር ነው፣ ባያሰክርም ቦሌ ላይ ማስረዳቱ የኔ ጣጣ ነው።

ጥናት ካነሳን በ1998 አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገውን ልጥቀስ። ሆዳቸው አንዴ የሚደርቅ አንዴ የሚቀጥን፣ ቁርጠት የማይለያቸው 116 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የቻይና ቅመማ፣ ሁለተኛው ሐኪሙ ለየሰዉ የለካውን፣ ሦስተኛው አስመሳዩን ለ16 ሳምንት ወሰደ። ሁለቱም ቅመማዎች ከአስመሳዩ በለጡ። መድኃኒቱ ካቆመ ከ14 ሳምንት በኋላ ግን ደህና ሆኖ የቆየው በልኩ የተሰጠው ቡድን ብቻ ነበር። መጀመሪያ ላይ ስለ ጥያቄዎቹ ያልኩት ለዚህ ነው። ሰዎች ይህን ይዘው «ተረጋግጧል» ይላሉ። ቆይ! በ2006 ደግሞ ሆንግ ኮንግ ላይ ተቅማጥ ለሚበዛባቸው 119 ሰዎች ለሁሉም አንድ ዓይነት የ11 ቅጠል ቅመማ ተሰጠ፣ ከአስመሳዩ ምንም አልተሻለም። ሁለቱንም የማይነግራችሁን ሻጭ ተጠንቀቁት።

አደጋውንም ልናገር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ አንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ በሚሰጠው እንክብል ውስጥ አንዱ የቻይና ሥር በሌላ ተተካ፣ ስማቸው ስለሚመሳሰል። በምትኩ የገባው ሥር ኩላሊት የሚገድል አሲድ ነበረው። መቶ ገደማ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፣ አንዳንዶቹን በኋላ ካንሰር ያዛቸው። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ያደርጋል» ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው። ጋንጫኦም፣ ያ ጣፋጩና ጨዋው፣ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። የግፊት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትንኩ።

የጨጓራ ባክቴሪያ ደግሞ፣ ኤች ፓይሎሪ፣ እኛ አገር በጣም የተስፋፋ ነው። ዝንጅብልም ጂንሴንግም አያወጡትም። ምርመራ ተደርጎ በአንቲባዮቲክ ነው የሚታከም። ሰገራችሁ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ ምግብ ስትውጡ ከያዛችሁ ለኔ ቴሌግራም አትጻፉ፣ ሆስፒታል ሂዱ።

ለእኔስ ሠራልኝ? መነፋቱ ቀንሷል። ግን ቀዝቃዛውን ውኃና የማታውን ጥሬ ሰላጣ በዚያው ሰሞን ስለተውኩ ለቅጠሉ ብቻ ምስክር መሆን አልችልም።

አሁን ቤቴ ውስጥ የማይጠፋው የመንደሪን ልጣጭ ነው፣ ቸንፒ። ስሙ የወጣው የሺንኋይ ነው፣ እዚሁ ጓንግዶንግ ውስጥ። መንደሪኑን ሥሩ ላይ ሳይለያይ ሦስት ቦታ ይሰነጥቁትና ልጣጩን እንደ አበባ ይከፍቱታል። ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፣ በጆንያ ያስቀምጡታል፣ በየጊዜው አውጥተው ያሰጡታል። ቢያንስ ሦስት ዓመት ካልሞላው ቸንፒ አይባልም፣ ባረጀ ቁጥር ይወደዳል። ሁለት ሦስት ቁራጭ አለቅልቄ፣ ከቀጭን ዝንጅብል ጋር የፈላ ውኃ አፈስበትና ከድኜ እተወዋለሁ፣ ከከባድ ምግብ በኋላ ለሚወጠር ሆድ። አፋችሁ የሚደርቅ፣ ውስጣችሁ የሚቃጠል ከሆነ ግን ለእናንተ አይደለም፣ እሱም ያደርቃል። ስትገዙ ውስጡን እዩት፣ ጥሩው እያረጀ ሲሄድ ነጩ ክፍል እየሳሳ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ሽታው ሻጋታ ሳይሆን ፍሬ ፍሬ ይላል። በሻይ ውኃ አጥቁረው ያረጀ የሚያስመስሉም አሉ። ለሻይ የአምስት ዓመቱ በቂ ነው፤ የሃያ ዓመት ነው የሚሏችሁን ዋጋውን ብቻ ጠይቃችሁ እለፉ።